ኩልዎን ከቤት ጨርሰው ይውጡ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከጅማ የደረሱን ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፦ መኪና ወይም ባጃጅ እየነዱ ሌላ ነገር መሥራት። ስድስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅሬን በኩል ነው። ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ ሥራ ስሄድ አጂፕ አካባቢ መንገዱ ሲጨናነቅ ኩሌን እኳላለሁ፣ ሊፕስቲክም እቀባለሁ። ሰሞኑን አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ መከረኝ፤ አልቀጣኝም። መኳኳልን የሚከለክል ሕግ አለ? መኪናው ቆሞ ሳለስ ምን ጉዳት አለው?

መልስ፦ እህታችን፣ በትራፊክ ፖሊሱ አይቀየሙ፤ ደግ ሰው ገጥሞዎታል።

ከሕጉ እንጀምር። በስሙ ተጠርቶ የተከለከለው በእጅ በተያዘ ስልክ እያወሩ መንዳት ነው። ይህን የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ከልክሎታል። «ኩል» የሚል ቃል ፍለጋ ግን ደንብ ማገላበጥ አያስፈልግዎትም። አሽከርካሪ ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ እጁ መሪው ላይ ሆኖ የመንዳት ግዴታ አለበት። ይህ ግዴታ ጎድሎ ሰው ከተጎዳ፣ መርማሪው የሚጠይቀው «በዚያች ሰዓት ምን እያደረግሽ ነበር?» ብሎ ነው። መልሱ ስልክ ቢሆን፣ ማስካራ ቢሆን፣ ስሙ ቸልተኝነት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ሐኪምንና አሽከርካሪን በምሳሌነት ጠርቶ፣ የሌላውን ሰው ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እያለበት በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም አሽከርካሪው ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ ደግሞ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ይሆናል። ስልክ ይዞ የሚነዳ ሰው «ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ» የምትለውን ሐረግ ደጋግሞ ቢያነባት እንወዳለን።

ኩሉ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በዝግታ እንየው። የሚኳል ሰው መጀመሪያ የውስጡን ስፖኪዮ ወደ ፊቱ ያዞራል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ከኋላው የሚመጣው ባጃጅም ሆነ አይሱዙ አይታየውም። ኩሉን ሲጨርስም ስፖኪዮውን መመለስ ይረሳና ቀኑን ሙሉ በተዛባ መስታወት ይነዳል። የፀሐይ መከላከያው ላይ ባለው መስታወት ከተጠቀመ ደግሞ የፊት መስታወቱ የላይኛው ክፍል ይሸፈንበታል። ቀጥሎ አንዱ እጅ የዓይን ቆብ ይስባል፣ ሌላው ኩሉን ይይዛል፤ መሪው ለጉልበት ተትቷል። አንዱ ዓይን ተጨፍኗል። ሌላው ደግሞ ከፊት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ባለች መስታወት ላይ ተተክሏል፤ ቀና ሲሉም ከቅርቡ ወደ ሩቁ እስኪስተካከል ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል።

አንዱን ዓይን ለመኳል 3 ሰከንድ ብቻ ይበቃል እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል፤ ሁለት ትልልቅ አውቶቡሶች ተከታትለው ቢቆሙ የሚይዙት ቦታ ነው። በ60 ከሆነ 50 ሜትር ነው። ይህ ሁሉ ፍሬን ሳይነካ የታለፈ መንገድ ነው። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ መኪናው በ60 ፍጥነት ለመቆም በደረቅ አስፋልት 20 ሜትር ያህል፣ በእርጥብ አስፋልት እስከ 35 ሜትር ይፈልጋል። የጅማ አስፋልት ደግሞ ከዓመቱ ብዙውን ወር እርጥብ ነው።

በአሜሪካ የቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች 100 መኪና ላይ ካሜራ ገጥመው በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ እየነዱ መኳኳል ለአደጋ ወይም ለጥቂት ለተረፈ አደጋ የመጋለጥን ዕድል ወደ 3 እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳይተዋል። ዓይን ከመንገዱ ከ2 ሰከንድ በላይ ሲነሳ አደጋው ቢያንስ እጥፍ እንደሚሆን ያወቅነውም ከዚያው ጥናት ነው።

«መኪናው ቆሞ ሳለስ?» ላሉት፦ መጨናነቅ ውስጥ የቆመ መኪና ለመሄድ የሚጠብቅ መኪና ነው። ሰውነትዎ ወደ መስታወቱ ሲያጋድል ፍሬን የረገጠው እግርዎ ሳይታወቅዎት ይላላል። አውቶማቲክ ከሆነ መኪናው ነዳጅ ሳይሰጡት ይንፏቀቃል፤ ማንዋል ከሆነና አንደኛ ማርሽ ላይ ከተዉት ፍሪሲዮኑ ሲያመልጥዎት ወደ ፊት ይዘላል። ከፊትዎ ቅርጫት የተሸከመች ሴት ወይም አህያ የሚነዳ ልጅ በመኪኖቹ መሐል እያቋረጠ ሊሆን ይችላል። ከኋላ ቢገጩስ? ኩሉ ያለው ዓይንዎ አጠገብ ነው። ኤርባግ ከፈነዳም በሰከንድ 20ኛ እጅ ጊዜ ውስጥ ነው የሚነፋው፤ በፊትዎና በመሪው መካከል ያገኘውን እርሳስ፣ መላጫ ወይም መስታወት ወደ ፊትዎ ይዞት ይመጣል።

መኳኳሉ ነውር አይደለም፤ በሴቶች ብቻ የሚላከክም አይደለም። ፂሙን የሚያበጥር፣ ከረባቱን የሚያስር፣ ብጉሩን በስፖኪዮ የሚያፈርጥ ወንድ ብዙ ነው። ከሁሉ የምንፈራው መፋቂያ አፉ ውስጥ ሰክቶ የሚነዳውን ነው። ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ደረቅ እንጨት ወደ ላንቃና ወደ ጉሮሮ ይገባል። መፋቂያ ለእግረኛ ነው።

ቤት ካልደረሰልዎት ከትምህርት ቤቱ በር ራቅ ብለው ይቁሙ። ፍሬቻ አሳይተው ከመስመር ይውጡ፣ ማርሹን ነፃ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ሞተሩን ያጥፉ። ሲጨርሱ ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት ስፖኪዮውን ወደ ቦታው ይመልሱ፤ የኋላው መስታወት በሙሉ ካልታየዎት ገና አልተስተካከለም።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖር እህቴ «መኪና ውስጥ ስኳኳል ተይዤ 100 ዶላር ተቀጣሁ» አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ሕግ በእርግጥ አለ? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ አለ። የዲሲ ሕግ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ተዘናግቶ መንዳት ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል ማንበብ፣ መጻፍ፣ ራስን ማሰማመር፣ ከቤት እንስሳ ጋር መጫወትና ካልታሰረ ዕቃ ጋር መታገል ይገኙበታል። መቀጮውም እህትዎ ያሉት 100 ዶላር ነው። በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ያለው የዋሽንግተን ግዛት በ2017 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሕግ ቢያወጣም፣ እዚያ መቀጮው 30 ዶላር ነው፤ የሚቀጣውም አሽከርካሪው በሌላ ጥፋት ሲያዝ ነው። በእንግሊዝ ስልክ በእጅ መያዝ ከታኅሣሥ 2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው፤ ቀይ መብራት ላይ መቆምም ከቅጣት አያድንም። ዘመድዎ ወደዚያ የሚሄድ ከሆነ ይህችን ቢነግሩት ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 22 ነው፤ ከመርካቶ እስከ ቂጦ ፉርዲሳ ባጃጅ እሠራለሁ። ኮንትራት ደንበኞቼ የሚያገኙኝ በስልክ ነው፤ ካላነሳሁ ሌላ ይጠራሉ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል አጣብቄ፣ ሁለቱም እጄ መሪ ላይ ሆኖ ባወራ ምን ችግር አለው? ኢርፎን ባደርግስ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የእንጀራ ጉዳይ መሆኑ ገብቶናልና በደንብ እንነጋገር።

ባጃጅ ላይ እጅ የሚሠራው መሪ መያዝ ብቻ አይደለም። ቀኝ እጅህ ነዳጅ ይሰጣል። ግራ እጅህ ፍሪሲዮን ጨብጦ ማርሽ ያዞራል። አንገትህን ወደ ትከሻህ ስትሰብር ትከሻህ ወደ ላይ ይሳባል፤ ክንድህ ይከተለዋል፤ መሪውም አብሮ ይነቃነቃል። ተሳፋሪህ «ባጃጇ ትወዛወዛለች» የሚልህ ለዚህ ነው። ስልክ ወዳለበት ጎን ያለውን ስፖኪዮ ለማየትም ጭንቅላትህን ማዞር አትችልም። ባጃጅ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላላት፣ ጉድጓድ ለመሸሽ መሪው በድንገት ሲጠመዘዝ ሚዛኗ ይጠፋል፤ ከኋላ ሦስት ሰው ከጫንክ ደግሞ ወደ ውጭ የሚገፋት ክብደት ይጨምራል።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ግን ስልኩ ሲንሸራተት ነው። የሚወድቅ ነገር ሲያይ እጅ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይዘረጋል። ከላይ የጠቀስነው የቨርጂኒያ ጥናት ከመዘናጊያዎች ሁሉ ከባዱ ሆኖ ያገኘው ይህንን ነው፦ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ለመያዝ መንጠራራት የአደጋን ዕድል ወደ 9 እጥፍ ያሳድጋል፤ ከመኳኳል ሦስት እጥፍ የከፋ ማለት ነው።

ኢርፎን እጅህን ነፃ ያወጣልሃል፤ ልብህን ግን አያወጣልህም። የዋጋ ክርክር የገጠመ ሰው ዓይኑ መንገዱ ላይ ተተክሎ መንገዱን ላያይ ይችላል። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. በድምፅ የሚታዘዙ ስልኮችንና የመኪና መሣሪያዎችን ሲፈትሹ፣ የአሽከርካሪው ሐሳብ ንግግሩ ካበቃ በኋላ እስከ 27 ሰከንድ ድረስ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ እንደሚቆይ አግኝተዋል። በ30 ፍጥነት የምትሄድ ባጃጅ በ27 ሰከንድ 225 ሜትር ትጓዛለች። በዚያ ላይ የሞተሯ ድምፅ ራሱ ጆሮ ይይዛል፤ በሁለቱም ጆሮህ ከሰካህ የኋላው መኪና ጡሩምባ አይደርስህም።

ደንበኛ ሳታጣ ልትሠራ የምትችለው እንዲህ ነው። ስልኩን ከመሪው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ክተት፤ ደረት ኪስህ ወይም ጭንህ ላይ አታስቀምጠው፣ ሲነዝር ሳትፈልግ ታየዋለህና። ለኮንትራት ደንበኞችህ የተለየ የጥሪ ድምፅ ስጣቸው፤ ያኔ ማን እንደደወለ ሳታይ ታውቃለህ። ብዙ ስልክ ላይ ጥሪ ላላነሳኸው ሰው ራሱ መልእክት የሚልክ አሠራር አለ፤ «መንገድ ላይ ነኝ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ እደውላለሁ» ብለህ ጻፍበት። ሰው ስታወርድ በቆምክበት ደውል፤ ከቂጦ ፉርዲሳ መርካቶ ድረስ ስንቴ እንደምትቆም አንተ ታውቀዋለህ። ጠዋት ላይ የቋሚ ደንበኞችህን ሰዓት ቀድመህ ተነጋግረህ ብትጽፍ የስልኩ ጥሪ ራሱ ይቀንሳል። በ10 ደቂቃ እየደወለ ቃሉን የሚጠብቅ ባለ ባጃጅ ደንበኛ አያጣም ብለን እናምናለን፤ ተሳፋሪም የሚመርጠው በሰላም የሚያደርሰውን ነው።

ጥያቄ፦ ባጃጄን በቀን ገቢ ለአንድ ልጅ ሰጥቻለሁ። ስልክ እያወራ እንደሚነዳ ሰዎች ነገሩኝ። ሰው ቢገጭ እኔ እጠየቃለሁ? (ከቆጪ)

መልስ፦ አባታችን፣ ይጠየቃሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ያለ ፈቃዱ ቢነዳውም። ከዚህ የሚያመልጡት ተሽከርካሪው ጉዳቱን ባደረሰበት ሰዓት ከእርስዎ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዱ ነው። የወንጀሉ እስራት የነጂው ነው፤ የካሣው ጥያቄ ግን በርዎን ያንኳኳል።

ስለዚህ ዛሬውኑ የሦስተኛ ወገን መድንዎ ቀኑ እንዳላለፈ ይመልከቱ። በሕግ ያለዚህ መድን ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ማውጣት አይፈቀድም። ልጁ ለሚነዳው ተሽከርካሪ የሚሆን መንጃ ፈቃድ እንዳለው ዋናውን ወረቀት አይተው ቅጂውን ይያዙ። ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉት፤ «እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ነው፤ የትራፊክ ቅጣት የነጂው ነው» የሚል መስመር ይግባበት፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ይህ ወረቀት ለተጎጂው ካሣ ከመክፈል አያድንዎትም፤ ከልጁ ጋር ለመነጋገር ግን መነሻ ይሆንዎታል። አንድ ነገር ደግሞ ሳንሸሽግ እንንገርዎ፦ በየሰዓቱ እየደወሉ «ስንት ሠራህ?» የሚሉት እርስዎ ከሆኑ ልጁን የሚያዘናጋው የእርስዎ ስልክ ነው። ማታ ገቢ ሲያስረክብ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚኒባስ ስሄድ ሾፌሩ ጭኑ ላይ ጫት ዘርግቶ እየቃመ፣ በመሐሉ ቴሌግራም ይጽፍ ነበር። ጊቤን ስንወርድ ሁላችንም ፈራን፤ ግን የተናገረ የለም። ምን ማድረግ ነበረብን?

መልስ፦ መናገር ነበረባችሁ፤ አነጋገሩ ላይ ግን ጥበብ ያስፈልጋል።

ሾፌሩ «ጫት ያነቃኛል» ይላል። ስለ ምርቃናው ከመነጋገራችን በፊት እጁን ተመልከቱ። ዓይኑ ወደ ዙርባው ይወርዳል፣ ቀንበጡን ይመርጣል፣ ቅጠሉን ይቀነጥባል፣ ገረባውን በመስኮት ይጥላል፣ ከዚያ ሃይላንዱን አንስቶ ክዳኑን ይከፍታል። ይህ በደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የሚቀነጥበው ቀኝ እጅ ደግሞ ማርሽ የሚያስገባው እጅ ነው። የጊቤ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወረድ አይደለም። ፍሬን ሳይቋረጥ ከተረገጠ ይግላል፣ ሲግል መያዙ ይደክማል። መኪናው በሞተሩ ጉልበት እንዲያዝ ገና ከአናቱ ማርሽ መቀነስ ያስፈልጋል፤ በየጠመዝማዛውም እጅ ለማርሹ ዝግጁ መሆን አለበት። ምርቃናውም ሲወርድ የተጠራቀመው ድካም በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው።

ቴሌግራሙ ከዚህም ይብሳል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጥናት እንዳሳየው፣ መልእክት የሚጽፍ ሾፌር ከ6 ሰከንድ ውስጥ 4.6ቱን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። በ80 ፍጥነት ይህ ከ100 ሜትር በላይ ነው፤ ጠመዝማዛ ላይ መንገዱ ራሱ 100 ሜትር ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ጋቢና የተቀመጠው ወይም በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ይናገር። ከኋላ አትጩሁ፤ የሚጮህበት ሾፌር ዞሮ ይመልሳል፣ ያም ሌላ መዘናጋት ነው። «ወንድሜ፣ ልጆች ይዘናል፤ ስልኩን ለረዳቱ ስጠው፣ የሚጻፈውን እሱ ይጻፍልህ» ማለት ይበቃል። ጫቱንም ለምሳ ሲቆም እንዲቅም ለምኑት። እምቢ ካለ ቀጣዩ ከተማ ላይ እንዲያቆም ጠይቁ፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መሆኑ ግን የግድ ነው። የታርጋ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፋችሁ ለመናኸሪያው ኃላፊ ወይም በመንገድ ላይ ላገኛችሁት ትራፊክ ፖሊስ ስጡ። ሁለት ሦስት ተሳፋሪ ሆናችሁ ስትናገሩ ቃላችሁ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲጥል የመኪናዬ የፊት መስታወት ከውስጥ ይደበዝዛል፤ በእጅጌዬ እየጠረግሁ እነዳለሁ። ሌላ መፍትሔ አለው? ታኮ ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ብነዳስ? (ከበቾ ቦሬ)

መልስ፦ በእጅጌ መጥረግ ሁለት ጉዳት አለው። በሚጠርጉበት ጊዜ ክንድዎ ራሱ መንገዱን ይጋርድብዎታል። ከቆዳና ከልብስ የሚቀረው ቅባት ደግሞ ማታ የፊት ለፊት መኪና መብራት ሲያርፍበት እንደ ጭረት ያበራል፤ ዓይን ያጭበረብራል።

መስታወቱ የሚደበዝዘው በእርጥብ ልብስ፣ በእርጥብ ጃንጥላና በተሳፋሪ ትንፋሽ የተሞላው አየር ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ነው። ስለዚህ ጃንጥላውን ከኋላ ሣጥን ይክተቱ። የአየር መስጫውን ወደ ፊት መስታወቱ ያዙሩ፤ ኤሲ ካለው ከሙቅ አየር ጋር አብረው ይክፈቱት፣ ኤሲው አየሩን ያደርቀዋልና። የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ ያጥፉ። ኤሲ ከሌለው ሁለት ተቃራኒ መስኮቶችን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያድርጉ። በሳምንት አንድ ቀን መስታወቱን ከውስጥ በሳሙና ውኃ አጥበው በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት፤ ቆሻሻና ቅባት ያለበት መስታወት ፈጥኖ ይደበዝዛል። ይህም ካልበቃ ቆመው ይጥረጉ።

ታኮው ተረከዝዎን ከወለሉ ያነሳዋል፤ ስለዚህ ፍሬኑን ምን ያህል እንደረገጡ መመጠን ይከብድዎታል። እርጥብ ባዶ እግር ደግሞ ከፔዳሉ ይንሸራተታል። ጠፍጣፋ፣ ከኋላ የሚይዝ ጫማ መኪና ውስጥ ያኑሩ፤ ስሊፐር አይሁን። ያወለቁትን ታኮ ከእግርዎ ሥር አይተዉት። ጫማም ሆነ ሃይላንድ ተንከባልሎ ፍሬኑ ሥር ከገባ ፔዳሉ ወደ ታች አይወርድም፤ ይህንን የሚያውቁት ደግሞ ፍሬን በፈለጉባት ሰዓት ነው። ከኋላ ወንበር ወለል ላይ ያስቀምጡት፤ ከወንበርዎ ሥር ወደ ፊት የሚሾልክበት ቀዳዳ ካለ በጨርቅ ይድፈኑት።